ባቡሩ ከመገዛቱ በፊት የሚያንቀሳቅሰው ይታወቅ

ግልጽ ደብዳቤ

ለትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር
ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ትራንስፖርት ቢሮ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ከተማዋን አቋርጦ የሚያልፍ አዲስ የባቡር መስመር ሲታሰብ፣ ማን እንደሚያንቀሳቅሰው ቀድሞ እንዲወሰን ስለመጠየቅ

ክቡራንና ክቡራት፣

ለገሃር አጠገብ ተወልጄ ያደግሁ፣ ዕድሜዬን በጥገና ሥራ የጨረስኩ ጡረተኛ መካኒክ ነኝ። የባቡር ባለሙያ አይደለሁም። ግን ማሽን ሲገዛ፣ ሲተከል፣ ሲመረቅ፣ ከዚያም ሲቆም አይቻለሁ። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ለዚህ ነው።

ስለ አዲስ የከተማ ባቡር በተነሳ ቁጥር ሰው የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው። በየት በኩል ያልፋል? ስንት ይፈጃል? ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን ሦስተኛው ነው። ሪባኑ ተቆርጦ እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ባቡሩን ከማደሪያውና ከጥገና ቦታው፣ ከዲፖ የሚያወጣው ማን ነው? ሲበላሽስ ማን ይጠግነዋል?

ይህ ጥያቄ መጨረሻ ላይ የሚመለስ ከሆነ አለቀልን። ሐዲዱ ከመነጠፉ፣ በተለይ ደግሞ ባቡሩ ከመገዛቱ በፊት መልስ ያግኝ። የምለምናችሁ ይህንኑ ነው።

መጀመሪያ ባቡሩ ለማን እንደሚያስፈልግ ልንገራችሁ። አንዲት የቀድሞ ጎረቤቴ ሜክሲኮ አካባቢ አንድ ሕንፃ ውስጥ በጽዳት ትሠራለች። ድሮ ከቤቷ ወጥታ በእግሯ ሩብ ሰዓት ቢፈጅባት ነው። አሁን የምትኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ሥራ የምትገባው ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ሲሆን፣ የምትነሳው ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል ነው። ባለፈው ሰሞን አንድ ማታ ሜክሲኮ ላይ የታክሲ ሰልፍ ይዛ አገኘኋት። እግሯ ስለሚያብጥ የሥራ ጫማዋን አውልቃ በነጠላ ጫማ ቆማለች። ጫማው በፌስታል፣ ፌስታሉ ከምሳ ዕቃዋ ጋር በአንድ እጇ። ሰልፉ ተጠማዞ የአንድ ሕንፃ አጥር ዞሯል። ታክሲ ሲመጣ ሰው ሁሉ ግማሽ እርምጃ ወደፊት ይላል። ከዚያ እንደገና ይቆማል። አብሬያት ትንሽ ቆምኩ። ስለ ባቡር አነሳሁባት።

«ጋሼ፣ እኔ የሚፈጥን አልፈልግም» አለችኝ። «ይመጣል በተባለበት ሰዓት የሚመጣ ይሁንልኝ።»

ከዚህ የተሻለ መመዘኛ አላገኘሁም። የሚያንቀሳቅሰው ድርጅት የመንግሥት ይሁን የግል፣ ያገር ልጅ ይሁን የውጭ፣ መመዘን ያለበት በእሷ ቃል ነው።

የቀላል ባቡራችንን ነገር ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ከሰሜን ወደ ደቡብ ያለው መስመር ሥራ የጀመረው መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ነበር። ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ያለው በዚያው ዓመት ጥቅምት መጨረሻ ተከተለ። ወጪው 475 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ከዚህ ውስጥ 85 በመቶው የቻይና ኤግዚም ባንክ ብድር ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ከስታዲየም ተሳፍሬ የተሰማኝን ደስታ አልረሳውም። ሰው መስኮቱ ላይ ተለጥፎ የኖረበትን ከተማ እንደ አዲስ ያይ ነበር። አንዲት እናት ልጃቸውን ብድግ አድርገው «ያውልህ ልደታ! ያውልህ!» ይሉት ነበር።

የተገዙት ባቡሮች 41 ነበሩ። እንዲያንቀሳቅሱ የተቀጠሩት የቻይና ድርጅቶች የውል ዘመን ደግሞ 41 ወር። ሦስት ዓመት ከአምስት ወር ማለት ነው። እነሱ ውላቸውን ጨርሰው ሄዱ፤ የእኛ ልጆች ተረከቡ። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት ከባቡሮቹ ብዙዎቹ ቆመዋል። ኃላፊዎችም ምክንያቱን በይፋ ተናግረዋል። መለዋወጫ የለም፤ መለዋወጫ የሚገዛበት የውጭ ምንዛሪም የለም።

እኔ ይህን ስሰማ አልገረመኝም። አውቀዋለሁ። ስሙን በማላነሳው አንድ ፋብሪካ የጥገና ክፍል ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሠርቻለሁ። አንድ ጊዜ በብድር የተገዙ አዳዲስ ማሽኖች መጡልን። ያማሩ ነበሩ። ተካዮቹ አብረውን አንድ ዓመት ያህል ቆዩ። ጎበዞች ነበሩ፣ ሰውም ይወዱ ነበር፤ ሥራቸው ግን ማሽኑን ማስነሳት እንጂ እኛን ማስተማር አልነበረም። ማሽን ሲቆም «ቆይ፣ ቆይ» ብለው ራሳቸው ይጠግኑታል። እኛ ካቻቢቴ እናቀብላለን። መመሪያው በእነሱ ቋንቋ ነው። ሲሄዱ አቅፈን ሸኘናቸው። ሦስት ወር ሳይሞላ ከማሽኖቹ የአንዱ ኤሌክትሮኒክ ካርድ ተቃጠለ። መዳፍ የምታህል ነገር ናት። እሷን ለማስመጣት ኤልሲ፣ ማለትም ለውጭ ግዥ የባንክ ክፍያ ዋስትና፣ ተከፈተ፤ ኤልሲው ተራ ጠበቀ፤ ወራት አለፉ። ምርት ሲቆም አለቆቹ ጮኹ። እኛም ምን እናድርግ፣ ከመስመሩ ጫፍ ካለችው ማሽን ካርዷን ነቅለን ለዚህኛው ሰጠነው።

አንድ ጊዜ ነቅለን አላቆምንም። ቀጥሎ ኩሽኔታዋን ወሰድን። ከዚያ ሞተሯን። «ለጋሿ» የሚል ስም አወጣንላት፤ ላጣው ሁሉ ስለምትሰጥ። ዓመት ሳይሞላ ከእሷ የቀረው ቀፎው ነበር። ከዚያ ሁለተኛ ለጋሽ አስፈለገን። እዚያ ቤት ውስጥ ሰነፍ ሰው አልነበረም። ሌሊት እያደርን እንሠራ ነበር። ግን ማሽኖቹን የመረጠው ሰውና የሚጠግናቸው ሰው ተያይተው አያውቁም። በእኔ እምነት ችግሩ ሁሉ የጀመረው ከዚያ ነው። ማሽኑ ሲገዛ እኛ ጠረጴዛው ላይ ብንኖር ኖሮ «ካርዱ እዚህ ይጠገናል ወይ? ስንት ተጨማሪ ካርድ አብሮ ይመጣል? ኩሽኔታው ገበያ ላይ የሚገኝ ልክ ነው ወይስ የእነሱ ብቻ?» ብለን እንጠይቅ ነበር። እነዚህን ለመጠየቅ ሌላ ትምህርት አያስፈልግም፤ ነገ እጁን ዘይት የሚነካው ሰው ሁሉ ይጠይቃቸዋል።

ለዚህ ነው የሚያንቀሳቅሰው ድርጅት ባቡሩ ከመገዛቱ በፊት ይመረጥ የምለው። ለአሥር ዓመት እኔ ነኝ የምጠግነው ብሎ የፈረመ ድርጅት መጥፎ ባቡር ሲገዛ ዝም ብሎ አያይም።

አገራችን ይህን መንገድ አታውቀውም እንዳይባል፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አለልን። እ.ኤ.አ. በ1945 መጨረሻ ሲቋቋም የሚያስተዳድረው ቲ.ደብሊው.ኤ. የተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ነበር። አብራሪውም ቴክኒሻኑም ከዚያ የመጣ ነበር። ነገር ግን ባለቤቱ እኛ ነበርን፤ የስምምነቱም መድረሻ ሥራውን ኢትዮጵያውያን እንዲይዙት ነበር። የጥገና ቤቱ እዚህ ተሠራ። ትምህርት ቤቱ እዚህ ተከፈተ። የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ወንበሩን የያዙት እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። ከተመሠረተ ከ25 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ዛሬ የሌሎች የአፍሪካ አየር መንገዶች አውሮፕላን ቦሌ መጥቶ ይጠገናል።

25 ዓመት እና 41 ወር። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ለከተማ ባቡር 25 ዓመት ያስፈልጋል አልልም፤ አሁን ዩኒቨርሲቲ አለ፣ የተማረ ልጅ አለ። ግን አንድ የጥገና ሠራተኛ የባቡሩን ሕመም በድምፁ መለየት የሚጀምረው ባቡሩ ማርጀት ሲጀምር ነው። አዲስ ባቡር ብዙም አያስተምርም። አስተማሪው ድርጅት መሄድ ያለበት ባቡሩ የመጀመሪያውን ትልቅ ጥገና እዚሁ፣ በእኛ ልጆች እጅ ካደረገ በኋላ ነው።

ከጅቡቲ አዲስ አበባ የሚመጣው የድሮው የምድር ባቡር ታሪክም ይህንኑ ይነግረናል። በልጅነቴ ሰፈራችን ውስጥ ፈረንሳይኛ የሚችሉ አንድ የምድር ባቡር አዛውንት ነበሩ። አንድ ዕቃ ሲጠፋ «ከድሬ ይመጣል» ይሉ ነበር። ድሬዳዋ ያለው ወርክሾፕ በቶርኖ ይቀርጸዋል ማለታቸው ነው። ያ ሐዲድ ስንት ጦርነትና ስንት መንግሥት አሳልፎ የቆየው ዕቃውን ራሱ መሥራት ይችል ስለነበር ጭምር ነው። ደግሞም ማን ያንቀሳቅሰው የሚለው ነገር ገና ከጥንስሱ ያንን መስመር ፈትኖታል። አፄ ምኒልክ ፈቃዱን የሰጡት እ.ኤ.አ. በ1894 ነው። ሐዲዱ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ ደረሰ። አዲስ አበባ የገባው ግን በ1917 ነው። መሃል ላይ ያን ያህል ዘመን የፈጀው ተራራው ብቻ አልነበረም። ኩባንያው ከሰረ፤ መስመሩ በማን እጅ ይግባ የሚለው ነገርም የፈረንሳይ፣ የእንግሊዝና የጣልያን ሽኩቻ ሆነ። ለገሃር ስሟን ያገኘችው ከዚያ ባቡር ነው። እዚህ ሰፈር ላደገ ሰው ይህ ሩቅ ታሪክ አይደለም።

ከሌላ አገርም የምንማረው አለ፤ ሦስቱን ብቻ ልጥቀስ። የለንደኑ ኤልሳቤጥ መስመር ከተማዋን ከምሥራቅ ምዕራብ አቋርጦ ያልፋል። የመሃል ከተማው ዋሻ ለተሳፋሪ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በግንቦት 2022 ነው። የሚያንቀሳቅሰው ድርጅት፣ የሆንግ ኮንጉ ኤም.ቲ.አር.፣ የተመረጠው ግን በ2014 ነበር። ስምንት ዓመት ቀድሞ! ባቡሮቹን የሠራው ፋብሪካ ደግሞ ለአሥርት ዓመታት ራሱ እንዲጠግናቸው ውል ገብቷል። የትኬት ዋጋ የሚወስነውና መስመሩን በበላይነት የሚመራው የከተማዋ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ነው። በ2025 አንቀሳቃሹ ተቀይሮ፣ የቶኪዮ ሜትሮ ያለበት ሌላ ጥምረት ተረከበ። ባቡሩም፣ ዋጋውን የሚወስነውም፣ ስሙም ያው ነው። ጎረቤቴ እዚያ ብትኖር ለውጡን ከዜና ካልሆነ አታውቀውም ነበር።

የጆሃንስበርጉ ጋውትሬይን ደግሞ በሌላ በኩል ያስጠነቅቀናል። እ.ኤ.አ. በ2010 ሥራ የጀመረ ጥሩ ባቡር ነው። ነገር ግን በውሉ ውስጥ የተሳፋሪ ዋስትና የሚባል ነገር ገባ። የተባለው ያህል ሰው ካልተሳፈረ ጉድለቱን የክልሉ መንግሥት ይሸፍን ነበር። የተከፈለውም በቢሊዮን ራንድ የሚቆጠር ነው። እንዲህ ያለ አንቀጽ እንደ ቀላል ነገር ተጽፎ ሊያልፍ ይችላል። እባካችሁ በዚህ በኩል ተጠንቀቁ። በዳካር እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2021 የተመረቀው ባቡር ሲጀምር የሚያንቀሳቅሰው የፈረንሳይ ምድር ባቡር ንዑስ ኩባንያ ነበር። የንብረቱ ባለቤት ግን ለብቻው የተቋቋመ የሴኔጋል መንግሥት ድርጅት ነው። ማን የምን ባለቤት እንደሆነ ከመጀመሪያው ተለይቶ መቀመጡን ወድጄዋለሁ።

እኔን ብትጠይቁኝ የትኛውን እመርጣለሁ? የአየር መንገዱን መንገድ። ባለቤቱ የኢትዮጵያ የሕዝብ ድርጅት ይሁን። አብሮት በሥራው የተፈተነ የውጭ ድርጅት ይግባ፤ 10 ወይም 12 ዓመት ይቆይ፤ የሚሄድበት ቀን ከመጀመሪያው ይታወቅ። መንግሥት ወይስ ግል በሚለው ክርክር ብዙ ጊዜ ባናጠፋ ደስ ይለኛል። የሰነፈ የግል ድርጅት አይቻለሁ፤ የተጋ የመንግሥት መሥሪያ ቤትም አይቻለሁ።

ለሚያንቀሳቅሰው ድርጅት የሚከፈለው ደግሞ በደረሰ ባቡር ይሁን። ባቡሩ በሰዓቱ ጣቢያ ከገባ ይከፈለው። ከዘገየ ይቀነስበት። ካልመጣ አይከፈለው። ዲፖ ውስጥ ለቆመ ባቡር ሳንቲም አይውጣ። ተሳፋሪ መጣ ቀረ የእሱ ሥጋት አይሁን፤ ያ የከተማው ፋንታ ነው፤ እንደ ጋውትሬይን የተሳፋሪ ቁጥር ዋስትና ግን አይሰጠው። ባቡሩን ማምጣት ግን ሙሉ በሙሉ የእሱ ኃላፊነት ነው።

አሁን ከባዱን ላንሳ። ገንዘቡን። ቀላል ባቡሩ ሲጀምር ዋጋው እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። ያን ጊዜ አንድ ዶላር 21 ብር ገደማ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ትኬቱ በብር ይሸጣል፤ መለዋወጫው በዶላር ይገዛል። ይህን ክፍተት የትኛውም ድርጅት፣ የፈለገ ጎበዝ ቢሆን፣ በራሱ ሊሞላው አይችልም። ጎረቤቴ ላይ ዋጋ ጨምሮ መሙላትም አይቻልም፤ ደመወዟ ከዶላሩ ጋር አልጨመረም።

ስለዚህ የመለዋወጫው ገንዘብ ራሱን የቻለ ሒሳብ ይኑረው። ሌላ ማንም እጁን የማያስገባበት፣ በውጭ ምንዛሪ የሚቀመጥ፣ በየዓመቱ በበጀት የሚሞላ። ምንጭ ከተባለ መሬቱ አለ። የሆንግ ኮንጉ ኤም.ቲ.አር. ትልቅ ገቢ የሚያገኘው በጣቢያዎቹ ላይና ዙሪያ ካሉ ሕንፃዎች ነው። ባቡር ሲመጣ የጣቢያው አካባቢ መሬት ይወደዳል። ለገሃር ያለ ሰው ይህን ለማወቅ ጥናት አያስፈልገውም። ያ ጭማሪ የባለሕንፃው ብቻ ከሚሆን፣ ከፊሉ ለኩሽኔታና ለካርድ ይዋል። ወርክሾፑም የሚቻለውን ዕቃ እዚሁ መሥራት ይጀምር። ሁሉን መሥራት አይቻልም፤ ግን የወንበር ብረትና የበር እጀታ በዶላር የምንገዛበት ምክንያት አይታየኝም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ወሰን። አዲሱ መስመር ከተማውን አቋርጦ ይሄዳል ከተባለ ሰበታ ወይም ገላን ላይ የሸገር ከተማን መሬት መርገጡ አይቀርም። ከሰበታ እስከ አዳማ ያለውን የጅቡቲ መስመር ድርብ ሐዲድ እንጠቀም የሚል ሐሳብ ቢመጣ ደግሞ ጥያቄው ይከፋል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ማዳበሪያ የጫነ ባቡርና ሠራተኛ የጫነ ባቡር አንድ ሐዲድ ላይ ቢገናኙ ማን ይቅደም? ይህን የሚወስነው የትኛው ቢሮ ነው? የሚኒስቴሩ፣ የአዲስ አበባ፣ የኦሮሚያ? ሦስቱ አንድ ላይ ተቀምጠው አንድ ባለሥልጣን አካል ካላቋቋሙ፣ የሚያንቀሳቅሰው ድርጅት ባቡር ሲቀር ሦስት ሰው ላይ ያሳብባል። ስልኩም ሦስት ቦታ ይጮሃል፤ የሚያነሳው ግን አይገኝም።

ትኬቱ በሚያንቀሳቅሰው ድርጅት እጅ አይሁን። የከተማው ይሁን። በአንዱ ትኬት አውቶቡስም ባቡርም እንሳፈር።

የምጠይቃችሁን በአጭሩ ላስቀምጥ። ስለ ማንኛውም አዲስ መስመር የባቡር ግዥ ጨረታ ከመውጣቱ በፊት የሚያንቀሳቅሰው ድርጅት ጨረታ ይውጣ። ረቂቅ ውሉ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ይታተም፤ ሰው እንዲያነበው በጣቢያዎች ላይ ይለጠፍ። በገምጋሚዎቹ መካከል ዛሬ ቀላል ባቡሩን ዲፖ ውስጥ እየጠገኑ ያሉ ልጆች ይቀመጡ። ከአማካሪም ከእኔም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። የትኛው ዕቃ ቶሎ እንደሚያልቅ፣ የትኛው ለማስመጣት ስንት ወር እንደሚፈጅ፣ የትኛው ባቡር ለየትኛው እንደለገሰ ከእነሱ የተሻለ የሚነግራችሁ የለም።

እኔም ከጠራችሁኝ እመጣለሁ። ቤቴ ቅርብ ነው።

ይህን ደብዳቤ እየጻፍኩ መሆኔን ለጎረቤቴ በስልክ ነግሬያት ነበር። «ሰዓቱንም ይጻፉላቸው፣ ጋሼ» አለችኝ። ከቱሉ ዲምቱ ጠዋት 12 ሰዓት ከ15 የሚነሳ፣ ሜክሲኮ 1 ሰዓት ከሩብ ሳይሞላ የሚያደርሳት ባቡር ነው የምትፈልገው። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ።

ከአክብሮት ጋር፣
የለገሃር ነዋሪ፣ ጡረተኛ መካኒክ